የገና ቁርስ በሲያትል፦ ለወንድሜ ልጅ

ልጄ፣ የዘንድሮን የገና ጾም አንተ ቤት እንደምንፈታ እናትህ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። ወንድ የሠራው ዶሮ ወጥ እንዴት ይሆን እያሉ የሚያላግጡ ዘመዶች እንዳሉም ሰምቻለሁ፤ ተዋቸው፣ መጀመሪያ በር የሚያንኳኩት እነሱ ናቸው። አንተ ግን በዋዜማው ማታ ከሥራ ገብተህ፣ የስልክ ቪዲዮ እያየህ ድስት ልትጥድ እንዳሰብክ ስለገባኝ ይህን ጻፍኩልህ። አገር ቤት ጎረቤት አለ፣ እህት አለች፣ ሽንኩርት የምትከትፍ የአክስት ልጅ አለች። እዚህ አንተና ምድጃህ ብቻ ናችሁ። ስለዚህ የገና ቁርስ ሲያትል ውስጥ የሚሠራው ከገና በፊት ነው። ጠዋት የሚቀርህ ማሞቅና በር መክፈት ብቻ ይሁን።

1. ከሽንኩርቱ በፊት ፈቃድህን ጠይቅ። ገና በእኛ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ነው፤ በፈረንጁ ግን በእኔም በአንተም ዕድሜ ከጃንዋሪ 7 አይዘልም። ከተማው ይህን አያውቅም። በዚያን ጊዜ የእነሱ በዓል አልፎ፣ ዛፉ ተጥሎ፣ ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ፣ አለቃህም አዲሱን ዓመት አንድ ብሎ የጀመረበት ሰሞን ነው። በዋዜማው «ነገ አልገባም» ብትለው ቢከፋው አትፍረድበት። ከታንክስጊቪንግ በፊት ጠይቅ። የዋሽንግተን ስቴት በፈረንጁ ከ2014 ጀምሮ የስቴቱም፣ የካውንቲውም፣ የከተማውም ሠራተኛ በሃይማኖቱ ምክንያት በዓመት ሁለት ቀን ያለ ክፍያ እንዲቀር በሕግ ፈቅዷል። ተማሪዎችም ወላጅ ከጠየቀላቸው እንደዚሁ ሁለት ቀን ያለ ቅጣት ይቀራሉ፤ ይህን ለእህትህ ንገራት፣ ልጆቿን የገና ዕለት እንባ እያፈሰሱ ትምህርት ቤት አትስደዳቸው። አንተ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ስለሆንክ ያ ሕግ አይነካህም፤ ነገር ግን ሥራው ብዙ ካልተጎዳ አሠሪ ለሠራተኛው ሃይማኖት እንዲያመቻች የፌዴራሉ ሕግ ያዛል። በጽሑፍ ጠይቅ፤ በቃል የተጠየቀ ፈቃድ ይረሳል።

2. የእነሱ በዓል በጾማችን ላይ እንደሚወድቅ አትርሳ። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15፣ በፈረንጁ ኖቬምበር 24 ገደማ ነው። ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ስለሆነ አንዳንድ ዓመት አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ያመልጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ተርኪው ከጾሙ ጋር ይገናኛል። ዲሴምበር 25ማ ሁልጊዜ ጾም ነው። የሥራ ባልደረቦችህ ቁርስ ከጠሩህ ሂድ፤ ፍራፍሬና ዳቦ አይጠፋም፣ «ሆዴን አሞኝ» እያልክ ግን አትዋሽ፤ እጾማለሁ ማለት ነውር አይደለም። ቤትህ በዚያ ጠዋት ሰው ከመጣ በዘይት የተሠራ ጨጨብሳና ቅቤ ያልነካው ፉል ይበቃል። ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ደግሞ አትጨነቅ፤ ልደትና ጥምቀት ሲውሉበት የረቡዕና የዓርብ ጾም ይነሳል። በየዓመቱ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም።

3. ቅቤውን ከሁለት ሳምንት በፊት አንጥር። የአሜሪካ ቅቤ ካልረጋ ክሬም የሚወጣ ነው፤ የእኛው ከረጋ ወተት ተንጦ ስለሚወጣ ያ የምትናፍቀው ሽታ የመጣው ከእርጎው ነው። ስለዚህ ጨው የሌለውን፣ ከተገኘም «ከልቸርድ» ተብሎ የተጻፈበትን ግዛ፤ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ልዩነቱን አፍንጫህ ያውቀዋል። በዝግታ ይቅለጥ። አረፋውን በጭልፋ እየገፈፍክ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ ኮሰረት፣ በሶብላና ለቀለም ያህል እርድ ጨምርበት። ከታች ነጩ አተላ ሲረጋ፣ ላዩ ጥርት ሲልና መንጣጣቱን ሲያቆም አውርደህ አጥልለው። ከአንድ ኪሎ 800 ግራም ያህል ታገኛለህ፤ የቀረው ውሃና አተላ ስለሆነ ተሰረቅሁ አትበል።

4. እንጀራ ልጋግር ብለህ አትድከም። ጃንዋሪ ላይ ቤትህ ስለሚቀዘቅዝ ሊጡ ሦስት ቀን ተኝቶ አይነሳልህም። ቼሪ ስትሪት ወይም ሬይኒየር አቬኑ ካሉት የእኛ ሱቆች ከሳምንት በፊት እዘዝ፤ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የሄደ ባዶ መደርደሪያ ያያል። ጤፉ ከአገር የመጣ ነው ወይ ብለህ አትከራከር። ኢትዮጵያ ጥሬ ጤፍ እንዳይወጣ በ2006 በፈረንጁ አግዳ ስለነበር፣ እዚህ ያለው ሰው ለረጅም ጊዜ የበላው አሜሪካ የበቀለውን ነው፤ አንዱ የታወቀ አብቃይ የእኛው ጎረቤት አይዳሆ ነው። እዚያ የጀመረው አሜሪካዊ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነበር። ቢሆንልህና አንድ ቀን ራስህ መጋገር ብትፈልግ የእኔን ምጣድ እሰጥሃለሁ። የኖርዌይ ሰዎች ሌፍሴ የሚሉትን የድንች ቂጣቸውን የሚጋግሩበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ባላርድ ሰፈር ያሉ የኖርዌይ አሮጊቶች እኛ ምን እንደምንጋግርበት ቢያዩ ይገርማቸው ነበር።

5. አሁን ወደ ቁሌቱ እንምጣ፤ ቀልድ የማላውቀው እዚህ ላይ ነው። ለሁለት ዶሮ ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ያስፈልግሃል፤ በእዚህ ሚዛን ስድስት ፓውንድ ተኩል ያህል ነው። ይበዛል ትላለህ። አይበዛም፣ ይሟሽሻል። በማሽን አትፍጨው፤ ማሽኑ ውሃውን አውጥቶ ሙቅ ያደርገዋል፣ ከዚያ ሲያር እንጂ ሲበስል አታይም። በቢላ፣ በደቃቁ ክተፈው። ዘይት ሳታስገባ ሰፊና ወፍራም ድስት ላይ አድርገህ አማስል። መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ ውሃው ይሄዳል፣ ከዚያ ድስቱን መያዝ ይጀምራል። ያን ጊዜ ነው ሰው ሁሉ ተቻኩሎ ዘይት የሚያፈሰው። አንተ አትቸኩል፤ ጠብ ጠብ እያደረግህ ሙቅ ውሃ ስጠው፣ ከሥሩ ፋቅ ፋቅ አድርገው፣ ቡናማ ይሁን። አንድ ሰዓት ሲያልፈው ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ። በርበሬው ጥሬ ጥሬ መሽተቱን እስኪተው ሌላ አንድ ሰዓት በትንሽ በትንሽ ውሃ ታቁላላለህ፤ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ መሐል ላይ ይገባሉ። ዘይቱ ወደ ዳር ሲወጣ በቃ።

ይህን ሁሉ ከበዓሉ ሳምንት ቀደም ብለህ፣ በእረፍት ቀንህ ሥራው። የጾም ስለሆነ ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው፦ መቅመስ ትችላለህ። ዶሮና ቅቤ ከገባ በኋላ ማንም ጾመኛ ምላሱን አያሳርፍበትም፤ እናቶቻችን ጨዉን የሚያውቁት በማሽተት ነበር። አንተ እዚያ ስላልደረስክ ጨዉንና በርበሬውን አሁን ጨርስ፣ ትንሽ ጨው ብቻ አስቀርለት፣ ምክንያቱም ዶሮው ራሱ ጨው ይዞ ይገባል። ሲቀዘቅዝ በሁለት ዕቃ ከፍለህ ፍሪዘር አስገባ። ለምን በሁለት እንዳልኩህ ወደ ታች ታገኘዋለህ።

6. ዶሮው። እዚህ ዶሮ ብለው የሚሸጡልህ ስድስት ሰባት ሳምንት የኖረ ጫጩት ነው። አያትህ ግማሽ ቀን የምትቀቅላት ዶሮ ዓመት ሁለት ዓመት ግቢ ውስጥ የሮጠች ነበረች። የከፍታውም ነገር አለ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሲያትል ባሕር ዳር ስለሆነች 100 ይደርሳል። ወጣት ዶሮ፣ የጋለ ወጥ፣ በዚያ ላይ «ዶሮ ወጥ ሙሉ ቀን ነው» የሚል ምክር ሲገናኙ ሥጋው ከአጥንቱ ተላቆ ሾርባ ይሆናል። ስለዚህ ቁሌቱ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ዶሮውን አስገባና ከአርባ ደቂቃ አታሳልፈው። ብታገኝ የጣለች አሮጊት ዶሮ ፈልግ፤ የእስያ ሱቆች ይይዟታል፣ እሷ ሁለት ሰዓትም ትችላለች።

የተቆራረጠ አትግዛ። ሙሉውን ገዝተህ 12 ብልት አውጣ፤ ካላወቅህ ቅዳሜ ና፣ አሳይሃለሁ፣ በወረቀት የሚገባ ነገር አይደለም። የእዚህ ጤና ባለሙያዎች ዶሮ አትጠቡ ይላሉ፤ ውሃው እየተረጨ ጀርም ስለሚበትን ነው፣ እውነታቸውን ነው። እኛ ደግሞ ያለ ሎሚና ጨው አንነካውም። ስለዚህ ቧንቧ ሥር አትጠበው፤ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በሎሚና በጨው ዘፍዝፈህ እሸው፣ ውሃውን ቀስ ብለህ ድፋ፣ ከዚያ ማጠቢያውን በበረኪና እጠብ። ዕንቁላሉ 12፣ ተቀቅሎና ተልጦ፣ ጫን ጫን ተደርጎ ተጭሮ፣ ከመከለሻው ጋር መጨረሻ ላይ ይገባል።

7. ማን ምን እንደሚበላ ቀድመህ ጠይቅ። አንዳንድ አዛውንቶቻችን በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ አይበሉም፤ ለእነሱ ከከተማ ወጣ ብለው ካሉ እርሻዎች ዶሮዋን በሕይወቷ ገዝተው የሚያርዱ ወዳጆች ፈልግ። ከሐረር የመጣው ሙስሊም ጓደኛህና ሚስቱም እንግዶችህ ከሆኑ የእነሱ ድስት ሌላ ይሁን፤ ቅንጬ በቅቤ፣ አይብ፣ ዕንቁላል ፍርፍር፣ ትኩስ ዳቦ። ዕንቁላሉን ዶሮው በተሠራበት መጥበሻ አታድርግባቸው። አገር ቤት ለሙስሊም ወዳጅ የተለየ ዕቃ የሌለው ቤት ቤት አይባልም ነበር።

8. ድፎ ዳቦ ከፈለግህ ቅጠሉን ከቻይናታውን–ኢንተርናሽናል ዲስትሪክት ሱቆች ውሰድ፤ የቀዘቀዘ የሙዝ ቅጠል ይሸጣሉ። ኮባ አይደለም፣ ሽታው ግን ያታልላል። በዋዜማው ጋግረህ በጨርቅ ጠቅልለው።

9. ከሰል ቤት ውስጥ አታቀጣጥል። ለቡናም፣ ለዕጣንም፣ «መስኮት ከፍቻለሁ» ብለህም ቢሆን አይሆንም። በ2006 ዲሴምበር አጋማሽ ታላቅ ነፋስ ተነሥቶ በዚህ አካባቢ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ። ብርዱ ሲጠና ሰዎች ከሰልና ጄኔሬተር ቤት ውስጥ አስገቡ፤ ብዙዎች ታመው ሆስፒታል ገቡ፣ የሞቱም አሉ፣ ከተጎዱት ብዙዎቹ እንደ እኛው ስደተኞች ነበሩ። ሲያትል ታይምስ ማስጠንቀቂያውን በፊት ገጹ ላይ በተለያየ ቋንቋ አትሞ ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አያስነጥስም፤ እንቅልፍ የመጣ ይመስልሃል፣ ያ ነው። ቡናውን በምድጃው ላይ፣ ማራገቢያው ሥር፣ ጥቂት ጥቂት እያደረግህ ቁላ። የጢስ ማንቂያው ቢጮህ መስኮት ክፈትና በፎጣ አራግብ እንጂ ባትሪውን አታውጣ። ዕጣኑ በኤሌክትሪክ ማጨሻ ይሁን። ስታርባክስ በ1971 የተከፈተባት ከተማ ናት ብለህም ከእነሱ የተቆላ እንዳታመጣ፤ አጥቁረው ስለሚቆሉት ጀበና ውስጥ ሲገባ ምሬቱ ብቻ ይቀራል።

10. ማዕዱ ሁለት ጊዜ እንደሚቀርብ ዕወቅ። ድሮ አብዛኞቻችን በቼሪ ስትሪት ዙሪያ እንኖር ስለነበር ከቅዳሴ ወጥተን በእግራችን ቤት ለቤት እንሄድ ነበር። ኪራይ ሲወደድ ወደ ሬንተን፣ ኬንትና ተክዊላ ተበተንን። አሁን ቅዳሴው ሌሊት ሲያልቅ የሚመጡ አሉ፤ ከአየር ማረፊያ፣ ከሆስፒታልና ከታክሲ የሌሊት ሥራ ወጥተው ጠዋት አንድ ሁለት ሰዓት ላይ የሚደርሱ ደግሞ አሉ። ሁለተኞቹ የሚያገኙት የተንጠፈጠፈ ድስት ከሆነ ባይጠሩ ይሻላቸው ነበር። ቁሌቱን በሁለት ክፈል ያልኩህ ለዚህ ነው፤ ሁለት ድስት፣ በእያንዳንዱ አንድ ዶሮና ስድስት ዕንቁላል። የመጀመሪያው ሲያልቅ ሁለተኛው ይሞቃል፣ አንድ ወጥ አራት ጊዜ አይፈላም። የሊንክ ባቡር ቅዳሴው በሚያልቅበት ሌሊት ስለማይሠራ መኪና የሌላቸውን አረጋውያን ከቤተ ክርስቲያን ማን እንደሚያመጣቸው ከዋዜማው በፊት ወስን። ጠጅ ካለህም ለማን እንደምትቀዳ እይ፤ ግማሹ ሰው ሾፌር ነው።

ካፖርትና ጃኬቱን ሁሉ መኝታ ቤት አስገብተህ በሩን ዝጋ። ዝናብ ስለሆነ መስኮቱ እንደተዘጋ ይውላል፣ ከአንተ ቤት ቀጥ ብሎ ሥራ የሚገባ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ቁሌት ቁሌት ሲሸት ይከርማል።

11. ከ43 ቀን ጾም በኋላ ሆድ ወዲያው ቅቤ አይችልም። መጀመሪያ በማር የተበጠበጠ ተልባ በትንሽ ብርጭቆ አዙር። ከዚያ ቅንጬ በማንኪያ፣ ቀጥሎ ዶሮው፣ አይቡ ከጎኑ። አዛውንቶቹ «ብላ» እስኪሉህ አትጠብቅ፤ አንተ ቆርሰህ ባርኩልኝ በላቸው፣ ከዚያ አጉርሳቸው። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ስላሉ ልጆቻቸው መድኃኒቱን ይዘው እንዲመጡ ንገር፤ ጾም ሲፈታ የሚረሳው እሱ ነው። ፀሐይ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የምትወጣው፣ ሕፃናቱ ገና ሌሊት ነው ብለው ቢነጫነጩ እውነታቸውን ነው፤ ዕንቁላልና ዳቦ ስጣቸውና መልሰህ አስተኛቸው።

12. ለእናትህ በገና ጠዋት አትደውል። በዚህ ወቅት አዲስ አበባ ከእኛ 11 ሰዓት ትቀድማለች። አንተ ተነሥተህ ማዕድ ስታቀርብ እነሱ በዓሉን ውለው፣ እንግዳ ሸኝተው፣ ዕቃ እያጠቡ ነው። በዋዜማው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደውል፤ እዚያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፣ ገና ማዕዱ ሳይነሳ ታገኛቸዋለህ። ወጡን በካሜራ አሳያት፤ ቀለሙን አይታ የጎደለውን ትነግርሃለች፣ ለማረምም ሌሊቱ አለልህ።

ትልቁን ድስት እኔ ጋ ቅዳሜ ስትመጣ ትወስዳለህ። ሁለተኛውን ከጎረቤቴ እለምንልሃለሁ፤ ክዳኑ ስለላላ ፎይል ግዛ። ስንት ሰው እንደምትጠራም ቁርጡን ንገረኝ፣ «አሥር ገደማ» አትበለኝ።